ኳሷን አስባ ነው

የልብ አድማጭ ነበርኩ። አገሩን አልጠራም፤ ብጠራው የሚቀየመኝ ይበዛል፤ የሚያውቀው ደግሞ ሳልጠራውም ያውቀዋል። ሐኪም መስያችሁ ከሆነ አይደለሁም። በእኛ ከተማ የልብ አድማጭ ማለት በቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር፣ በሰዓት ያዡና በባለፊሽካው መካከል ባለች በርጩማ ላይ የሚቀመጥ፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ሹም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬባታለሁ። ስሜ አለባቸው ይባላል፤ የሚጠራኝ ግን አልነበረም። «አድማጩ መጣ፣ አድማጩ ሄደ» ነበር የሚባለው፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሹመቱ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ከተማችን ሁለት ኮሌጅ አላት፤ የላይኛውና የታችኛው። በመካከላቸው አንድ ድልድይ አለ። በየዓመቱ የሴት ተማሪዎች ቡድኖቻቸው በቅርጫት ኳስ ይገጥማሉ። ጨዋታው አርባ ደቂቃ ነው። ድሮ ድሮ አርባውንም ደቂቃ ይጫወቱት ነበር ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም። እኔ ስደርስ ነገሩ ሁሉ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ላይ ተከማችቶ ነበር። የሚመራው ቡድን ሰዓቱ እንዲያልቅለት ኳስ ይዞ ይዞራል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ሰዓቱ እንዲቆምለት ኳስ የያዘችውን ልጅ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ፊሽካ ይነፋል፣ ሰዓት ይቆማል፣ የተያዘችው ልጅ ሁለት የቅጣት ውርወራ ትወረውራለች። ሰዓቱ ሲነሳ እንደገና ትያዛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለቱ ደቂቃ ሦስት ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ሰዉ ምሳውን ቋጥሮ መምጣት ለመደ።

ሕጉ ታዲያ አንዲት አንቀጽ ነበረችው። የያዘችው ልጅ ኳሷን ልትነጥቅ አስባ እጇ ስቶ ሰው ላይ ካረፈ፣ ተራ ጥፋት ነው። ከመጀመሪያውም ሰው ለመያዝ አስባ ከመጣች ግን ክፉ ልብ ይባላል፤ ከሁለቱ ውርወራ ሌላ ኳሷም ለተያዘችው ልጅ ቡድን ትሰጣለች። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግን ልብ ውስጥ ያለውን ማን አየ? የከተማው ሽማግሌዎች ሦስት ወር ተቀምጠው መከሩና፣ ልብ ባይታይም ይደመጣል አሉ። ከከብት ሐኪሙ ማዳመጫ ተዋሱ። እኔን የመረጡኝ ከወፍጮ ቤቱ አምስት ቤት ርቄ እየኖርኩ፣ ወፍጮው ቀን ቀን አረፍ ልል ስል ይረብሸኛል ብዬ አቤቱታ አስገብቼ ስለነበር ነው። ጆሮ ማለት እንዲህ ነው ተባለ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ፊሽካ ሲነፋ ከበርጩማዬ እነሳለሁ። ማዳመጫውን ጥፋት በሠራችው ልጅ ደረት ላይ አደርጋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ያን ጊዜ ሜዳው ጸጥ ይላል፣ ዝንብ ስትበር ይሰማል። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኳሷን አስባ ነው!» እላለሁ። ግማሹ ሰው ያጨበጭባል፣ ግማሹ ይሰድበኛል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ክፉ ልብ ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር፣ ደግ ልብም ሰምቼ አላውቅም። የሚሰማው ድም ድም ነው። ሮጣ የመጣች ልጅ ልብ ሌላ ምን ሊል? የመጀመሪያው ቀን ሰዉ ሁሉ አፌን ሲጠብቅ ግራ ገባኝና የመጣልኝን ተናገርኩ። በሁለተኛው ቀን የተለየ ነገር ብናገር የፊተኛዋ ልጅ ትቀየማለች ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ደንብ ሆነ፣ እኔም ደንብ አክባሪ ነኝ።

ለነገሩ እኔን የሚጠረጥር አልነበረም። ሰዉ ልቡ የነበረው በሌላ ክርክር ላይ ነው። ክርክሩ ይህ ነው። ቡድንህ ሦስት ነጥብ ይመራል፤ ሰባት ሰከንድ ቀርቷል፤ ኳሷ ባላጋራህ እጅ ነች። ትይዛታለህ ወይስ ትለቃታለህ? ከተማው በዚህ ለሁለት ተከፈለ። ያዙ የሚሉትን «ያዙ» አልናቸው፤ ልቀቁ የሚሉትን «ልቀቁ»። አማላጅ ሊልክ የሚፈልግ ቤተሰብ መጀመሪያ «ልጅቷ ያዙ ናት ልቀቁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ወንድማማቾች አብረው የከፈቱትን ፀጉር ቤት በመጋረጃ ከፍለው፣ ያዙው በግራ ልቀቁው በቀኝ ይላጭ ነበር። መላጣ ስለሆንኩ እኔ ገለልተኛ ነበርኩ።

የክርክሩ አምባ የእኛ በረንዳ ነው። ባለቤቴ ዘነቡ ልብስ ሰፊ ናት፤ የላይኛው ኮሌጅ ማሊያ የሚሰፋው በእሷ እጅ ነው። ነፍሷ ልቀቁ ናት። ጎረቤታችን መምህር ወልደየስ ደግሞ ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ በብብቱ ሳይዝ ከቤት አይወጣም። እሱ የያዙዎች አለቃ ነው።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ እስቲ ረጋ ብለው ይስሙኝ» ይላል ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «ብይዛት ሁለት ትወረውራለች። ሁለቱንም ብታገባ እንኳ አንድ ይጎድላታል። ብለቃት ግን ከሩቅ ወርውራ፣ ሦስት አግብታ እኩል ታደርገኛለች። ሒሳብ ነው!»

«ሒሳቡማ ሰሌዳው ላይ ነው ያለው» ትላለች ዘነቡ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ። «ሜዳ ላይ ያለችው ልጅ ናት። መከላከል የሚባል ነገር እኮ አለ መምህር። ፊቷ መቆም፣ እጅ መዘርጋት!»

«እጅ ዘርግቶ መቆም! ጸሎት ነው እንዴ?»

«ይይዛሉ፣ ይወረወራል፣ ይይዛሉ፣ ይወረወራል። እኔ ሜዳ የምሄደው ኳስ ለማየት ብዬ ነው። መተቃቀፍማ ሠርግ ቤትም አለ!»

«አሸንፎ መሄድ ይሻላል ወይስ አምሮ መሄድ?»

«አንዴ ቢያምር ምን አለበት ታዲያ!» ብላ ማሽኗን ታንቀጠቅጠዋለች። ይህ በየቀኑ ነው። ማንም ማንንም አሳምኖ አያውቅም። መምህር ከሄደ በኋላ «ይህ ሰው አንድ ቀን ያሳብደኛል» ትላለች፤ አንድ ቀን ከቀረ ግን «ምን ሆኖ ይሆን?» ብላ ሰው ትልካለች።

ነገሩ እየገፋ ሄደ። ለሁለቱ ደቂቃ እንጂ ለሠላሳ ስምንቱ የሚመጣ ተመልካች ጠፋ፤ ስለዚህ ሠላሳ ስምንቱ ደቂቃ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንዲንቀሳቀሱበት ተሰጠ። ዋነኞቹ ተጫዋቾች ለሁለቱ ደቂቃ ብቻ ይገባሉ። የላይኛው ኮሌጅ የአያያዝ ትምህርት ክፍል ከፈተ። የክርን አያያዝ በአንደኛው ዓመት፣ የወገብ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ደግሞ የፊት ገጽታ ይሰጣል፤ ማለትም ሰው እየያዙ ኳስ የፈለጉ መምሰል። ከዚያ ክፍል አንደኛ የወጣችው የእኔ ልጅ ፋናዬ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ፋናዬ ኳስ የጀመረችው በስድስት ዓመቷ ነው። የግቢያችንን ግድግዳ በኳስ ደብድባ ምርጊቱን አርግፋዋለች። እናቷ እንዳትቆጣት እኔ ሌሊት ዝናብ ጣለ ብዬ ዋሽቼላታለሁ፣ በበጋ። ኳስ ስታነጥር መላ ሰውነቷ ይስቅ ነበር። ኮሌጅ ስትገባ አሰልጣኙ እጇን በሜትር ለክቶ «ወይ እጅ! ይህች ልጅ ለመያዝ ተፈጥራለች» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ በጨዋታ ላይ ኳስ ነክታ አታውቅም። ሁለቱ ደቂቃ ሲጀመር ትገባለች፤ አምስት ጊዜ ትይዛለች፤ አምስት ጥፋት የሞላባት ትወጣለችና ትወጣለች። ሰዉ «ሙጫ» ብሎ ስም አወጣላት። በመንገድ ስታልፍ «ሙጫዬ! ያዢልን!» ይሏታል፣ ፎቶ አብረዋት ይነሳሉ። እሷ ግን ከጨዋታ ስትመለስ ምሳዋን ሳትቀምስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

«አባት የልጁን ልብ እንዴት ይፈርዳል?» ብሎ አንድ ሰው ለሽማግሌዎቹ አመልክቶ ነበር። ሽማግሌዎቹም ከአባት የበለጠ የልጁን ልብ የሚያውቅ የለም ብለው መለሱለት።

የአራተኛው ዓመት የመጨረሻ ግጥሚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ዘነቡ በረንዳ ላይ የፋናዬን ማሊያ እጅጌ እያጠበቀች ነው። ፋናዬ ግቢ ውስጥ ኳስ ታነጥራለች። ድንገት ኳሷን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ እኔ መጣች።

«አባዬ፣ ስታዳምጠኝ ምን ይሰማሃል?»

«ያው ልብሽ ነዋ» አልኳት ማዳመጫዬን እየወለወልኩ።

«ኳሷን አስባ ነው ትላለህ። እኔ እኮ ሜዳ ገብቼ ኳሷን አስቤ አላውቅም። ማን አሳስቦኝ! እኔ የማስበው የትርንጎን ወገብ ነው።» ትርንጎ የታችኛው ኮሌጅ ዋነኛ ወርዋሪ ናት። «ስበላም ወገቧ፣ ስማርም ወገቧ። አራት ዓመት ተምሬ የሰው ወገብ ይዤ ልመረቅ?»

የዘነቡ ማሽን ቆመ።

«ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አለች ፋናዬ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ አላለቀሰችም፣ ቢያለቅሱ ይሻላል የሚባል ዓይነት ነበር። «ዛሬ አልይዛትም። ኳሷን እነጥቃታለሁ፣ በንጹሕ እጅ። አንተ ደግሞ እውነቱን ትናገርልኛለህ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህች ልጅ አንድ ቀን ኳስ ተጫውታለች ይባልልኝ።»

«ምን ችግር አለ ልጄ» አልኳት ደስ ብሎኝ። «ኳሷን አስባ ነው እላለሁ።»

የመለሰችልኝ እናቷ ናት።

«አንተ ሰውዬ! እሱንማ ለውሸቱም ስትለው ኖርክ። ለእውነቱ ምን ልትል ነው?»

ማዳመጫው ንጹሕ ቢሆንም ደግሜ ወለወልኩት።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሠላሳ ስምንቱ ደቂቃ ማንም ሳያየው አለፈ። ሁለቱ ደቂቃ ሲጀመር ፋናዬ ከተቀያሪ ወንበር ተነሳች። ስለ ባለፊሽካው ስለ አቶ ገሠሠ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ታታሪ ሰው ነው፤ ጊዜ ማባከን አይወድም። ፋናዬ ከተነሳች መያዟ አይቀርም ብሎ፣ ገና ወደ ትርንጎ ስትሮጥ ነው የሚነፋው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፊሽካ የተነፋው ልጄ ከትርንጎ አምስት እርምጃ ርቃ ሳለች ነው። ሄድኩ፣ አዳመጥኩ፣ «ኳሷን አስባ ነው!» አልኩ። እውነት ነበር። ማንም ልዩነቱን አላወቀም፤ መዝጋቢው «አንድ መያዝ» ብሎ ጻፈ። ትርንጎ ሁለቱን ወረወረች።

ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። በአራተኛው ጣቷ ኳሷን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ተነፋ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሳደርግ «ሰው እንኳ አልነካሁም እኮ አባዬ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አይቻለሁ» አልኳት። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ምን እንዳልኩ ታውቁታላችሁ። አፌን ምን እንደያዘው እንጃ። አራት መያዝ ተብሎ ተጻፈ። አንድ ብቻ ቀራት፤ ያቺ ከተጻፈች ወጥታ ቀረች፣ ሙጫ እንደተባለች ተመርቃ ልትሄድ ነው።

ሰባት ሰከንድ ቀረ። የእኛ ኮሌጅ ሦስት ነጥብ ይመራል። ኳሷ በታችኛው ኮሌጅ እጅ ናት። ሰው ሁሉ ያበደለት፣ ፀጉር ቤት ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ሥጋ ለብሶ ፊታችን ቆመ። ደረጃው ላይ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ «ያዢያት!» ግማሹ «ልቀቂያት!» ይላል። መምህር ወልደየስ ሰሌዳውን ከራሱ በላይ ያወዛውዛል። አሰልጣኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ወገቧን! ወገቧን!» ይላል። ሰዓቱ ቆሞ ኳሷ ከመስመር ውጭ ወደ ትርንጎ እስክትወረወር፣ አቶ ገሠሠ የፊሽካው ድምፅ አልጥም ብሎት ከውስጡ ምራቁን ያራግፍ ነበር።

ፋናዬ ያንን አየች። እግሯ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ትርንጎ ኳሷን ተቀብላ አንድ ጊዜ አነጠረቻት፤ ኳሷ ወደ እጇ ስትመለስ መንገድ ላይ የልጄ እጅ ነበር። ክርን አልተነካ፣ ወገብ አልተነካ። ትርንጎ ባዶ እጇን አየች። ፋናዬ ኳሷን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ቆመች። ከዚያ በኋላ ነው ፊሽካው የተነፋው። ሰዓቱ ሳይንቀሳቀስ ሰባት ላይ ቀረ፤ ሰዓት ያዡ ፊሽካው አይቀርም ብሎ አላስነሳውም ነበር።

ከበርጩማዬ ተነሳሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሄድኩበት መንገድ ያን ቀን ረዘመብኝ። ማዳመጫውን አደረግኩ፤ ድም ድም። ዓይኔን ልጨፍን ስል ፋናዬ ፊቷን አቀረበችልኝ።

«አታዳምጠኝ አባዬ። እየኝ።»

አየኋት። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ኳሷ እጇ ላይ ናት። ሦስት ሺህ ሰው እያየው ያለውን ነገር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ላዳምጥ ነበር! ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁ።

«ስሙኝ!» አልኩ። «ልብ አይሰማም። በዚህ ነገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰማሁት ድም ድም ብቻ ነው። ኳሷን አስባ ነው ስል የኖርኩት ሁሉ ከራሴ ነው፤ ዋሽቻችኋለሁ። ዛሬ ግን አየሁ። ይህች ልጅ ማንንም አልያዘችም። ኳሷን ነጠቀች። ዓይን ያለው ይይ፣ ኳሷ ያቻት!»

ጉድ ፈላ። ማዶ ካለው ደረጃ የዘነቡ እልልታ ቀለጠ። ከሌላው በኩል ጫማ ተወረወረ፤ ግራ እግር ነበር። አቶ ገሠሠ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ሮጠ።

«አንተ አድማጭ፣ ኧረ በፈጠረህ! ቃሉን በልና እንሂድ!»

«አልልም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግብ?» አለ መዝጋቢው እስክሪብቶውን አንስቶ።

«ምንም ጥፋት የለም ብለህ ጻፍ።»

መዝጋቢው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ገልብጦም አየው። «ምንም ጥፋት የለም የሚል ቦታ የለውም» አለ። ከልቡ አዝኖ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሰኞ ጠሩኝ። አዲስ አድማጭ ሾመው ነበርና መጀመሪያ የእኔ ልብ ተደመጠ፤ የተናገርኩት በክፉ ልብ መሆን አለመሆኑ እንዲታወቅ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ አሥር ቆጠረ። አሥር ላይ ሲደርስ ሽማግሌዎቹን በአንድ ዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየ፣ አዘንኩለት። «ሕጉን አስቦ ነው!» አለ። ስለዚህ ጥፋቴ ተራ ጥፋት ሆነና በርጩማዬን ብቻ ተቀማሁ። ስለ ጨዋታው ግን መወሰን አልቻሉም። ቅጹ ላይ አዲስ ቦታ እስኪሰመር ሰዓቱ ሰባት ሰከንድ ላይ ይቁም፣ ኳሷም በያዘቻት ልጅ እጅ ትቆይ ተባለ። ቦታውን የሚያሰምር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ግማሹ ያዙ፣ ግማሹ ልቀቁ። መስመሩ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ፋናዬ ግን ኮሚቴ አልጠበቀችም። በቀጣዩ ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ማሊያዋን ለብሳ ኳሷን ይዛ ሜዳ ገባችና የነጠቀችበት ቦታ ላይ ቆመች። እኔም ሄጄ ሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ ሳቀባት። «ሙጫ መሬት ላይ ተጣበቀች!» አሉ። ሁለት ሰዓት ቆማ ወደ ቤት ሄደች።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች። አሰልጣኙ ኳሷን እንድትመልስ ጠየቃት። «በእጇ ትቆይ ተብሏል እኮ» አለችው። በአምስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። ጃንጥላ ይዤ ልሄድላት ስል «ተወው አባዬ፣ በጨዋታ ላይ ጃንጥላ አይያዝም» አለችኝ። ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አልቀረችም።

በዘጠነኛው ቅዳሜ ትርንጎ በድልድዩ መጣች። ሰዉ ሊጣሉ ነው ብሎ ተሰበሰበ። ትርንጎ ግን ሄዳ ከፋናዬ ፊት ለፊት፣ ባዶ እጇን ያየችበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ለምን መጣሽ?» አለቻት ፋናዬ።

«አራት ዓመት ስትይዢኝ ከርመሽ አንድ ቀን ብቻ ኳሷን ፈልገሽ መጣሽ። ልክ ጨዋታ ሲጀመርማ አቆሙን። ሰባት ሰከንድ ይቀረኛል። ልጨርሰው ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ መጡ፣ ከላይም ከታችም። በአሥራ አራተኛው ቅዳሜ አሥሩም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ቆሙ። ደረጃው የቆሙ ልጆች ለማየት በመጣ ሰው ሞላ። ክርክሩ እንደ አዲስ ነደደ።

«ሰዓቱ እንደተነሳ ትርንጎ ልትይዛት ይገባል» አለ መምህር ወልደየስ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ። «ሦስት ነጥብ እየተመሩ ሰባት ሰከንድ ማስጨረስ እብደት ነው።»

«እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ሁሉ ቅዳሜ ቆማ አሁንም ስለመያዝ ያወራል!» አለች ዘነቡ።

በአሥራ ሰባተኛው ቅዳሜ አቶ ገሠሠ መጣ። የባለፊሽካ ልብሱን ለብሷል። የሽማግሌዎቹን ጽሕፈት ቤት መስኮት ቀና ብሎ አየ፤ ተዘግቷል። ልጆቹን አያቸው። ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሰዓት ያዡ ዞረ።

«አስነሳው።»

«ፊሽካውስ?»

«ውሃ ገብቶበታል» አለ አቶ ገሠሠ፤ ፊሽካው ከኪሱ አልወጣም።

ሰዓቱ ተነሳ። ፋናዬ ኳሷን መሬት አስነካቻት። አንድ። ትርንጎ እጇን ሰደደች፣ ወደ ኳሷ። ሁለት። ፋናዬ ዞረች፣ ኳሷን በግራ እጇ አነጠረቻት፤ ያኔ ምርጊት ስታረግፍ እንደነበረው መላ ሰውነቷ ይስቃል። ሦስት። ትርንጎ ሮጣ ከፊት ቆረጠቻት። አራት። ጣቷ ኳሷን ነካ፣ ኳሷ ወደ ጎን አፈተለከች፣ ሁለቱም ተወረወሩባት። አምስት። ፋናዬ ደረሰችባት። ስድስት። ደረጃው ላይ ያዙውም ልቀቁውም አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሰባት። ደወሉ ተደወለ። ማንም ማንንም አልያዘም።

አሸነፍን። ግን ማጨብጨብ ያለበት የቱ ወገን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። መሐል ሜዳ ላይ ሁለቱ ልጆች ጉልበታቸውን ይዘው ያለከልካሉ፣ ይሳሳቃሉ። ትርንጎ «አንድ ሰከንድ ቢጨመር ወስጃት ነበር!» ስትል ሰማኋት። ልጄም «በሕልምሽ!» አለቻት።

ከጎኔ መምህር ወልደየስ ቆሟል። በደንብ ለማየት ብሎ ሰሌዳውን መሬት ላይ አንጥፎ ወጥቶበት ነበር፤ ኖራው ሁሉ በጫማው ተፋፍቋል። ወርዶ አነሳው፣ አራገፈው፣ ምን ጽፎበት እንደነበር ፈለገ፣ አጣው።

«አቶ አለባቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በስሜ ሲጠራኝ ሰማሁት። «ለመሆኑ ልቧ ምን ይል ነበር?»

«እንጃ መምህር» አልኩት። «እኔ እያየሁ ነበር።»